ንፋስ የማያስገባ መስኮት

ሓድነት ሰፈር ውስጥ የገዛኢን መስኮት የማያውቅ የለም። በያጅ ሞልቷል፤ ቱቦላሬ ብረት ቆርጦ አራት ማዕዘን ማውጣት ማንም አያቅተውም። ገዛኢ ግን ሥራውን የሚያስረክብበት የራሱ ወግ ነበረው። መስኮቱን ገጥሞ፣ ስቱኮውን አልስልሶ፣ መቀርቀሪያውን ከዘጋ በኋላ ባለቤቱን ይጠራና ክብሪት ይጭራል። እሳቱን በፍሬሙ ዙሪያ ቀስ አድርጎ ያዞረዋል። ነበልባሉ ካልተርገበገበ "ተረከቡ" ይላል። ከተርገበገበ ምንም ሳይናገር መስኮቱን ነቅሎ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ሰው ይህን ይወድለት ነበር። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ተሳፋሪ እንደ ነፍሰ ገዳይ በሚገላመጥበት አገር፣ ንፋስ የማያስገባ መስኮት የሚሠራ ሰው ክብሩ ከሐኪም አያንስም። በጦርነቱ ጊዜ መስታወት ከገበያ ሲጠፋም የሰፈሩን የተሰበረ መስኮት በላሜራ የደፈነው እሱ ነው። ከራሱ መኝታ ቤት ሁለት መስኮቶችም አንዱን እንዲሁ ደፍኖ በየደው። ሰላም ሲሆን እከፍተዋለሁ ብሎ ነበር፤ ሰላም ሲሆን ሥራ በዛና እንደተበየደ ቀረ።

ሚስቱ ዘቢብ ማሳል የጀመረችው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። "ብርድ ነው" አለች። ሰፈሩም "ብርድ ነው" አለ። የሌሊት ላቧም፣ ክሳቷም፣ ሁሉም በብርድ ተሳበበ። አክታዋ ላይ ደም ያየ ዕለት ግን ገዛኢ ሥራውን ጥሎ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ባዘዘው የሚባል፣ ከጎንደር በኩል የመጣ ነርስ ውጤቱን ሲነግራቸው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ቲቢ። ይድናል፤ ብቻ መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ።" ወደ ገዛኢ ዞረ። "ጋሼ፣ የምትተኛበት ክፍል መስኮት አለው?"

"መስኮት ብቻ! በገዛ እጄ የሠራሁት ነው። ንፋስ ዝር አይልበትም።"

ነርሱ አልሳቀም። "እንግዲያው ይክፈቱት። በሽታው የሚተላለፈው በአየር ነው። ስታስል የሚወጣው ነገር በተዘጋ ቤት ውስጥ ተንሳፍፎ ይቆያል፤ የገባ ሁሉ ይስበዋል። አየር ከተዘዋወረ ግን ይበተናል። እርስዎም ይመርመሩ። መድኃኒቱ ሥራውን እስኪጀምር ጠያቂ አይብዛ፤ ሕፃን ደግሞ ጨርሶ አይግባ።"

በባጃጅ ሲመለሱ ዘቢብ ክንዱን ያዘችው።

"በማርያም፣ ስሙን እንዳትጠራው።"

"የምኑን ስም?"

"የበሽታውን። ዓባይ ሰዓል ከተባለ ደጃችንን የሚረግጥ የለም። ያቺን የታች ሰፈሯን ሴትዮ ረሳሃት? ስኒዋን ለይተውባት፣ ብቻዋን ነው የሞተችው። የሳንባ ምች ነው በል።"

ገዛኢ "እሺ" አለ። ኋላ የደረሰበት ሁሉ የመጣው ከዚህች እሺ ነው።

ቤት እንደገቡ ግራይንደሩን አምጥቶ ላሜራውን ቆረጠው፣ ማጠፊያ ገጠመለት፣ ሁለቱንም መስኮቶች ወለል አድርጎ ከፈታቸው። ንፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ወጣ። ዘቢብ ጋቢዋን እስከ አገጯ ሳበች።

በማግስቱ ጠያቂው መጣ። ከፊት፣ ሰፈሩ እንደ እናቱ "ኣደይ" የሚላቸው ኣደይ ኣበባ ናቸው፤ ጎረቤት፣ ግቢያቸውን የሚለየው አንድ አጥር ብቻ። በከበባው ጊዜ ያገኟትን ዱቄት ከዘቢብ ጋር እፍኝ ለእፍኝ የተካፈሉ፣ ገዛኢንም "ወደይ"፣ ልጄ፣ ብለው እንጂ በስሙ የማይጠሩት ሴት ናቸው። ከኋላቸው ምራታቸው ፍሬወይኒ ሕፃን ልጇን አዝላለች። አጥሚቱ በፔርሙዝ ነው።

"ወይለይ! ወደይ፣ ልትገድላት ነው እንዴ? የሳንባ ምች የያዘው ሰው ንፋስ ላይ ይተኛል?" መስኮቶቹን ኳ ኳ አድርገው ዘጓቸው።

"ኣደይ፣ ነርሱ ነው ክፈቱ ያለን።"

"የቱ ነርስ? ያ ጢም እንኳ ያላበቀለው? ገና ከእናቱ እቅፍ መቼ ወጣና!" ሴቶቹ ሳቁ። "የንፋስ ጠላት የነበርክ ሰውዬ ዛሬ ምን ነካህ? ሌላ ልታገባ አስበህ እንዳይሆን!"

ዘቢብም ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ሳል ሆነና ጎንበስ አለች። ሕፃኑ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ የጋቢውን ጥለት ይስባል።

ገዛኢ ሲከፍት እሳቸው ሲዘጉ ሰነበቱ። መቀርቀሪያውን ቢነቅል በነጠላ ቋጥረው አሰሩት። ማጠፊያው ተሰበረ ብሎ መዝጊያውን ጭራሽ ወደ ወርክሾፑ ቢወስደው ብርድ ልብስ ሰቀሉበት። በሩንም ገርበብ አያደርጉትም፤ ጠያቂ የገባበት ቤት በሩ ይዘጋል፣ ወሬውም ሙቀቱም እንዳይወጣ። ገዛኢ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጀርባቸውን ያያል። እዚያ ክፍል ውስጥ ክብሪት ቢጭር ነበልባሉ እንደማይርገበገብ፣ መጫር ሳያስፈልገው ያውቃል።

"እንንገራቸው" አላት ዘቢብን፣ ቤቱ ጭር ሲል።

"ትንሽ ታገሥ። መድኃኒቱ ሊያሽለኝ ነው። ቀኑን ሙሉ አንተ ሥራ ላይ፣ እኔ ከግድግዳው ጋር ላወራ ነው?"

ታገሠ። ሳምንት አለፈ።

አንድ ከሰዓት ከወርክሾፑ ሲመለስ ክፍሉ እንደ ልማዱ ጢም ብሏል። ሕፃኑ ፍሬወይኒ ጭን ላይ ሆኖ አሳለ። ትንሽ ሳል ናት፣ የድመት ማስነጠስ የምታህል።

"አያችሁ!" አሉ ኣደይ ኣበባ ብርድ ልብሱን ሊያጠብቁ እየተነሡ። "ይኸው የመስኮቱ ብርድ ልጄን ያዘው!"

"ዓባይ ሰዓል ነው" አለ ገዛኢ።

ጓንቱን እንኳ አላወለቀም ነበር።

"የሳንባ ምች አይደለም። ቲቢ ነው፤ መስኮቱ የሚከፈተውም ለዚሁ ነው። ፍሬወይኒ፣ ልጁን ይዘሽ ውጪ፤ ጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ሁላችሁም ተመርመሩ።"

ዘቢብ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ፍሬወይኒ ሕፃኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ ጫማዋን ሳታጠልቅ ወጣች። ሌሎቹ "እግዚአብሔር ይማርሽ" እያሉ፣ ግን አፋቸውን በነጠላ እየሸፈኑ ተከተሏት። ኣደይ ኣበባ መጨረሻ ቀሩ።

"እያወቅህ? የልጅ ልጄ አልጋዋ ላይ ሲድህ እያየህ?"

"እያወቅሁ፣ ኣደይ።"

"እኔ የተቀየምኩት በሽታውን አይደለም፣ ገዛኢ። እሷንስ አስታምማት ነበር።" ወጡ። ፔርሙዛቸውን አልወሰዱም። ኋላ ሲልክላቸውም "ይቅር" ብለው መለሱለት።

ሕፃኑ ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም፤ ለመከላከያ የሚሆን መድኃኒት ሰጡት። ገዛኢም ነፃ ነው ተባለ። ዘቢብ ዋለች አደረች፣ ሳሉ ቀነሰ፣ ጉንጯ ሞላ። ባዘዘው ዳግም አክታዋን አስመርምሮ "አሁን ለማንም አታስተላልፊም፤ ከፈለግሽው ጋር ተቀመጪ" አላት።

የሚቀመጥ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ግራ ቀኟ ያሉት ገለል ይሉላታል። ጎረቤት ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ሰላም ይላታል፣ ባቡር ላይ እንደሚሄድ ሰው እጁን አውለብልቦ። ለገዛኢም ከጨውና ከከሰል በቀር የምትነግረው አልነበራትም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምሳ እያቀረበች፣ "አንተ ነህ ያባረርካቸው" አለችው። ደግሞ ቆየት ብላ፣ "መናገርህስ ደግ። የዘገየኸው ግን ለእኔ ብለህ ነው ይላሉ" አለች። ሁለቱም እውነት ስለሆኑ እንጀራውን ቆርሶ በላ።

ጥር ላይ ኣደይ ኣበባ ወርክሾፑ በር ላይ ቆሙ። ነጠላቸው አፍንጫቸው ላይ ነው።

"በእናንተ በኩል ያለችውን መስኮቴን በላሜራ ድፈንልኝ። እንዳትከፈት አድርገህ።"

"ኣደይ፣ ዘቢብ ድናለች። ነርሱ ራሱ—"

"ሥራ ነው የጠየቅኩህ።"

"ሕፃኑ የሚተኛበት ክፍል እኮ ነው፤ ሌላ መስኮት የለውም። ከውጭ የሚመጣበት ነገር የለም፣ አየር ነው የሚያጣው።"

"ንፋስ በሽታ ነው እያልክ ክብሪት ስትጭርልን የኖርከው አንተ አይደለህም?"

ገዛኢ እሱ እምቢ ቢል ሌላው በያጅ እንደሚሠራው ያውቃል፤ ያውም አበላሽቶ። ሜትሩን አንሥቶ ተከተላቸው።

ላሜራውን ቆርጦ፣ ጠርዙን ሞርዶ በማግስቱ ሊገጥመው ክፍሉ ገባ። በዚያች መስኮት በኩል የገዛ ቤቱ ይታያል፤ ዘቢብ የተከፈተው መስኮቷ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ቀና ብላ አየችው። ላሜራውን ሲያነሣ ፊቷ በግማሽ ተሸፈነ፤ ሲያስጠጋው ጨርሶ ጠፋች። ዙሪያውን በየደ፤ ክፍሉ ጨለመ። ሕፃኑ ጥግ ላይ ተኝቷል።

መሣሪያውን መሰብሰብ ሲጀምር ኣደይ ኣበባ በሩን ዘግተው ቆሙ።

"ክብሪቱስ?"

ገዛኢ ጫረ። እሳቱን በብየዳው ዙሪያ ቀስ አድርጎ አዞረው፤ ከታች፣ ከጎን፣ ከላይ። ነበልባሉ ንቅንቅ አላለም።

"ተረከቡ" አለ።