አንድ ጭብጥ ጉልባን

ሰው ስለ ወንድሜ ስለ ማረው ሲያወራ «ካንሰር ገደለው» ይላል። ሐኪሞቹም ወረቀታቸው ላይ እንደዚያው ጽፈዋል። እኔ ታናሽ እህቱ ገላነሽ ግን የማውቀውን አውቃለሁ።

ማረው የወረታ ዙሪያ ገበሬ ነበር። ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ገና ብርቅ በነበረ ጊዜ ደፍረው ከዘሩት አንዱ ነው። «ውሃ ውስጥ ምን ሊያበቅል ነው፣ እንቁራሪት?» እያሉ ሲያሾፉበት ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ይስቅ ነበር። ግትር ነው፤ አንዴ ካለ አለ ነው። ከይርገዱ ጋር በቁርባን ከተጋቡ ጀምሮ አርባ ዓመት ሙሉ ሳይቆርብ ያሳለፈው ፋሲካ የለም። ይርገዱ ስትሞት ሌላ ሚስት አላገባም፤ «ቁርባኔን አላፈርስም» አለ። እኔም ባሌ ጥሎኝ ሄዶ ስለነበር እሱ ቤት ገባሁና ሁለታችን ስንጨቃጨቅ ኖርን።

በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ሩዙ ታጭዶ ሲከመር፣ ሆዱ ተነፋ። «ኮሶ ነው» ብሎ ኮሶ ጠጣ፤ ባሰበት። ሳምንት ሙሉ ሰገራ የለ፣ ፈስ የለ፤ የቀመሰው ሁሉ በአፉ ይመለሳል። ሆዱ ከበሮ አከለ። ልጁ የሻሽወርቅ ባሕር ዳር መምህር ናት፤ መጥታ «እስካሁን ምን ትጠብቁ ነበር?» ብላ ጮኸችብንና በመኪና ወሰደችን። በሐሙሲት በኩል ስናልፍ መኪናው በዘለለ ቁጥር ማረው ይጮህ ነበር። ከዚያ በፊት ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም።

ባሕር ዳር ሐኪሙ ነገሩን አልሸፋፈነም። ትልቁ አንጀቱ ላይ ዕጢ በቅሎ መንገዱን ዘግቶታል፤ ጉበቱም ድረስ ሄዷል። ማዳን አይቻልም። የሚቻለው ሆዱን ቀዶ ሰገራው በጎን በኩል ወደ ከረጢት እንዲወጣ ማድረግ ነው።

«ሰገራ ሆዴ ላይ አንጠልጥዬ ቤተ ክርስቲያን ልገባ?» አለ ማረው። «ሞቼ ነው! ቁርባን እንዴት እቀበላለሁ?»

«አያ፣ እስቲ ቄስ የኔነህን እንጠይቅ» አልሁት። የንስሐ አባታችን ናቸው።

«አፍሽን ዝጊ! ይህ ደግሞ የሚጠየቅ ነገር ሆኖ?»

ዝም አልሁ። ብዙ ጊዜ እመልስለታለሁ፤ ያን ቀን ግን ዝም አልሁ።

ልጁ ሰው ጠይቃ አዲስ አበባ ሌላ ዘዴ እንዳለ ሰማች። በአፍንጫው ቀጭን ቱቦ አስገብተው ሆዱን ትንሽ አስተነፈሱለትና ይዘነው ሄድን። እዚያ አንዳርጌ የሚባል ወጣት ሐኪም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አስረዳው።

«ስቴንት ይባላል፣ አባቴ። ከሽቦ መረብ የተሠራ ቱቦ ነው። ተጣጥፎ በመቀመጫዎ በኩል ይገባል፤ የጠበበው ቦታ ሲደርስ ራሱ ይከፈትና መንገዱን ከፍቶ ይይዘዋል። ሆድዎ አይቀደድም፣ ከረጢትም የለም። ግን አልዋሽዎትም፤ ዕጢውን አያጠፋውም። የምናገኘው ጥቂት ወራት ነው።»

«ፋሲካን ያደርሰኛል?» አለ ማረው።

«ሊያደርስዎ ይችላል።»

«እንግዲያ ምን ትጠብቃለህ? አስገባው!»

በማግስቱ ተገባለት። ማታውን ከመጸዳጃ ቤት «ገሌ! ኧረ ገሌ! ወጣ!» ብሎ ሲጣራ እልልታዬን አቀለጥሁት። ነርሷ ሮጣ መጣች። ስለ ሰገራ እልል ያለች ሴት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ስንወጣ ሐኪሙ እኔን ለይቶ አስጠነቀቀኝ፦ «ለስላሳ፣ በደንብ የበሰለ ነገር ብቻ ይብሉ። ቆሎ፣ ጎመን፣ ጠጣር ነገር እንዳይነኩ፤ ቱቦው ውስጥ ይሰነቀራል። ካስመለሳቸው በዚያኑ ዕለት አምጧቸው።»

ሁለት ወር ደኅና ከረመ። ሥጋው ግን እያለቀ ነበር፤ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሚስማር ሦስት ጊዜ በሳሁለት። ዐቢይ ጾም ሲገባ ቄስ የኔነህ መጥተው «አንተ ሕመምተኛ ነህ፤ ወተትህን ጠጣ» አሉት።

«አባቴ፣ እርስዎ ቢፈቱኝም እኔ ራሴን አልፈታም» አላቸው። ወተት በአፉ አልዞረም። እኔም ራሱ ያበቀለውን ሩዝ እስኪሟሟ እያፈላሁ፣ ድንች እየፈጨሁ አከረምሁት። እንደ ዘበኛ ጠበቅሁት። አንድ ቀን ኪሱ ውስጥ ቆሎ አግኝቼ ለዶሮ በተንሁበት። «እህት ሳይሆን ፖሊስ ነው የሰጠኝ» እያለ ይሰድበኝ ነበር።

ጸሎተ ሐሙስ ደረሰ። ያን ቀን ጉልባን የማይቀቀልበት ቤት የለም። ሌላው ባቄላውን ይከካል፣ ስንዴውን ይፈትጋል፤ በእኛ ቤት ግን ከእናታችን ጀምሮ ስንዴውም ባቄላውም ሽምብራውም ከነልጣጩ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ማረው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጎረቤቱ ሁሉ ሲበላ ያያል።

«ገሌ፣ አንድ ጭብጥ ብቻ። ከዚህ በኋላ ሌላ ጸሎተ ሐሙስ የለኝም እኮ።»

ሐኪሙ የከለከለው ቆሎ ነው፤ ጉልባን ቆሎ አይደለም። ለስላሳ፣ በደንብ የበሰለ ብሏል፤ ይህ ደግሞ ከጧት ጀምሮ የፈላ ነው። አንዱን ባቄላ በጣቶቼ ጨመቅሁት፤ ፍርስ አለ። ጭብጤን ሞልቼ በእጁ ላይ አደረግሁለት። አንድ አንድ እያለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በላው። መርቆኝም ተነሣ።

ዓርብ፣ ስቅለት፣ ሰው ሁሉ ሲሰግድ እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ዋለ። ፊቱ ጠቁሯል፤ «ጾሙ ነው» አለኝ። ቅዳሜ ጧት ጓሮ አመድ ልደፋ ስሄድ ጋቢው ተጠቅልሎ ድንጋይ ሥር ተወሽቆ አገኘሁት። በትውከት ጨቅይቷል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልስ አድሮ ደብቆኛል።

«አንተ ሰውዬ! ምነው? ምነው አልነገርኸኝም?»

«ያስመለሰ ሰው አይቆርብም» አለኝ። «ብነግርሽ ለቄስ የኔነህ ትነግሪያለሽ። ዛሬን ብቻ ዝም በይኝ፣ ገሌ፤ ሌሊት እቆርብና ነገ የፈለግሽበት ውሰጂኝ።»

ዝም አላልሁም። ጮሄ ጎረቤት ጠራሁ፤ ተሸክመው መኪና ላይ ጫኑት። ባሕር ዳር ተረኛዋ ሐኪም ሆዱን ራጅ አስነሥታ አየች።

«ሰሞኑን ምን በሉ?»

ሩዝ፣ ድንች፣ የተልባ ውሃ አልኋት። «ሐሙስ ዕለት ደግሞ ጉልባን፣ ትንሽ።»

«ከነልጣጩ?»

«ከነልጣጩ።»

ብዕሯን አስቀመጠችው። ልጣጩ ቱቦው ላይ ተጠቅጥቆ ዘግቶታል፤ ከቱቦው በላይ ያለው አንጀት ተወጥሮ ተቀድዷል። ዓርብ ማታውኑ ብትመጡ እናጥበው ነበር አለች፤ አሁን ለቀዶ ጥገናም አቅም የለውም። የሻሽወርቅ ግድግዳውን ይዛ አለቀሰች። እኔ እንባም አልመጣልኝ።

«ቄስ ይጥሩልኝና እዚሁ ልቁረብ» አለ ማረው ሐኪሟን።

«በሆድዎ ጠብታ ውሃ እንኳ አይቆይም፣ አባቴ። ይመለሳል።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲያ ስለ ቁርባን አላነሣም።

እጁን ይዤ አደርሁ። የትንሣኤው ደወል ሲሰማ ዓይኑን ገለጠና ወደ እኔ ዞረ። ምን እንደገደለው ያውቃል፤ ከሐኪሟ ጋር ስንነጋገር ሰምቶናል።

«ገሌ» አለኝ።

«አቤት፣ አያ።»

«ጉልባኑ ጨው አንሶት ነበር።»

ሊያስቀኝ ነው። እንደ ድሮው እንድመልስለት ነው የፈለገው፤ እኔ ግን ግንባሩን ሳምሁት። ሳይነጋ ሞተ። አርባ ዓመት ያላስታጎለውን ቁርባን ሳይቀበል።

ለቅሶ ላይ ቄስ የኔነህ አጠገቤ ቢቀመጡ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ጉልባኑንም፣ ትውከቱንም፣ እንቢ ያለውን ከረጢትም። ከረጢቱ ላይ ስደርስ አቋረጡኝ።

«ለምን አልጠየቃችሁኝም?» አሉ። «ደዌ ነው እንጂ ኃጢአት ነው እንዴ? ከነከረጢቱ አቆርበው ነበር።»

መስቀላቸውን ተሳለምሁና ለለቀስተኛው ውሃ ላቀርብ ተነሣሁ።