ማኑሄ ያልወጣው ተራራ

«በግ ጭነሃል» አለች ፀሐይወርቅ። «ለፋሲካ በሞተርህ በግ ጭነሃል፣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጭንቅላቱን በብብትህ አሾልኮ ሰፈሩን እየጎበኘ ነው የመጣው። የአማከለችን ፍሪጅ ጭነሃል። የቢሮህን ደብዳቤማ ዕድሜህን ሙሉ ጭነሃል። እኔን ግን አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳን፣ ነይ ከኋላ ውጪ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

«ፍሪጁ ትንሽዬ ነበር» አለ ባሏ ማኑሄ።

«እኔስ ትልቅ ነኝ?»

ማኑሄ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠ ባል በሰላም እንደማያድር ስለሚያውቅ ሻዩን ፉት አለ።

ነገሩን ያመጣችው ጎረቤታቸው አማከለች ናት። ባሏ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ባለፈው እሑድ ሰበታ ድረስ ወስዶ ጥብስ ጋበዛት። ጎፋ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ የተበላ ነገር በደረጃ ነው የሚወጣው። ከምድር ቤት አንድ ሳህን ጥብስ ሆኖ የተነሳው ወሬ ሦስተኛ ፎቅ ፀሐይወርቅ ጋ ሲደርስ ግማሽ በሬ ሆኗል።

«ዛሬም እሑድ ነው» አለች። «አንተ እንደ ልማድህ ወንጪ ልትወጣ ነው። እኔም እወጣለሁ። ቢፍቱንም በዓይኔ አያታለሁ።» ከቁም ሳጥኑ አዲስ ቢጫ ሹራብ አውጥታ በፌስታል ከተተች።

ማኑሄን ሻዩ ትን አለው። ለምን ቢባል፣ አንደኛ ነገር ወንጪን በሕይወቱ አይቶት አያውቅም። ሁለተኛ ነገር ደግሞ ቢፍቱ የምትባል ልጅ የለችም።

ማኑሄ ክፉ ሰው አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በሞተር ሲያመላልስ ኖሯል፤ ከሳሪስ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ሳሪስ። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ አሮጌዋን ሞተር ለጨረታ አቀረባት፤ ሌላ የሚፈልጋት ሰው ስላልተገኘ እሱ ወሰዳት። አሁን ፈቃድ አውጥቶ ለሱቆች መለዋወጫ ያመላልስባታል። ከጀሞ ማዶ ግን ነድቷት አያውቅም።

ውሸቱ የመጣው በፀሐይወርቅ እግር ነው። የዛሬ ስንት ዓመት፣ ክረምት ላይ፣ ደረጃው አዳልጧት እግሯ ተሰበረ። ቁጭ ማለት የማታውቀው ሴት አልጋ ላይ ዋለች። ቀስ እያለች ምግቡንም ወሬውንም ተወችው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ማኑሄ የሚያደርገው ጠፋው። አንድ እሑድ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር፣ ሃምዛ ጋራዥ ዘይት ሊቀይር ሄዶ፣ ከወንጪ የተመለሱ ወጣት ሞተረኞች ስለ ጠመዝማዛው መንገድ፣ ስለ ጉሙ፣ ስለ ሐይቁ ሲያወሩ ሰማ። ቤት ገብቶ «ሞተረኞች ወንጪ ወጥተው» ሊላት ነበር፤ አፉ ግን «ወንጪ ወጥቼ» አለ።

ፀሐይወርቅ ፊቷን ከግድግዳው መለሰች። «ወጥተህ?» አለች።

እንዲህ ያለው ውሸት አይባልም፣ መድኃኒት ነው። ችግሩ በሽተኛዋ ከዳነች በኋላም መድኃኒቱን ማቆም አለመቻሉ ነው። «የዛሬውስ?» ትለዋለች በየእሑዱ። እሱም ይተርካል። ወሬ ሲያልቅበት ቢፍቱን ፈጠራት፤ ኩርባው ላይ ቆማ ሞተሩን ባየች ቁጥር እጇን የምታውለበልብ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ የገበሬ ልጅ። ለፀሐይወርቅና ለማኑሄ ደግሞ እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። ፀሐይወርቅ ስለ ቢፍቱ በሰማች ማግስት ክር ገዛች። «ደጋ ነው፣ ይበርዳታል» አለች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ሹራብ ትሠራለች፤ ልጅ ያድጋል ብላ በየዓመቱ ትንሽ ታሰፋዋለች። ማኑሄም ሹራቡን ተቀብሎ ይወጣና ሃምዛ ጋ ያራግፈዋል። ከሀይሌ ጋርመንት ልጆች ሁሉ ያማረ ሹራብ የምትለብሰው የሃምዛ ልጅ ገላኔ ናት፤ ምክንያቱን የሚያውቀው አባቷ ብቻ ነው።

እሑድ እሑድ ማኑሄ ሃምዛ ጋ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ወሬ ይለቅማል፤ አመሻሹ ላይ በፉሪ ኮረኮንች ዞር ዞር ብሎ አቧራ ለብሶ ይገባል። አንዴ ሃምዛ «ጋሽ ማኑሄ፣ ትናንት እኮ ሲዘንብ ነው ያደረው» አለው። «ዛሬ የሚያስፈልግዎት ጭቃ ነው።»

እንግዲህ ያን ጠዋት ለፀሐይወርቅ ሄልሜት ሊዋሱ እዚያው ጋራዥ ቆሙ። እሷ ሄልሜቱን ከሻሿ ጋር ስታታግል ማኑሄ ወደ ሃምዛ ጠጋ ብሎ «በየት ነው?» አለው በሹክሹክታ።

«ምኑ?»

«ወንጪ።»

ሃምዛ እጁን በጨርቅ ጠራረገ። «በጀሞ አድርገው የጅማን መንገድ ይያዙ። ወሊሶ ሲደርሱ ወደ ቀኝ ነው። ልጅቷ ስትታጣስ ምን ሊሏቸው ነው?»

«ትምህርት ቤት ሄዳለች እላለሁ።»

«እሑድ?»

ማኑሄ ሞተሯን አስነሳ።

እስከ ወሊሶ መንገዱ ሜዳ ነው፤ አንድም ችግር አልነበረም። ፀሐይወርቅ መጀመሪያ ጃኬቱን እንደ ቆሸሸ ዕቃ በሁለት ጣቷ ብቻ ይዛ ነበር። ዓለም ገናን ሲያልፉ በሙሉ እጇ ያዘችው። ቱሉ ቦሎ ላይ ወገቡን አቀፈች። ወሊሶ ሲደርሱ ሄልሜቷን ጀርባው ላይ አስደግፋ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ጀርባው ላይ ያዘለው የደብዳቤ ቦርሳ ምን ያህል ቀዝቃዛ እንደነበረ ማኑሄ ያን ቀን ነው የገባው።

ከወሊሶ ወዲያ መንገዱ ሽቅብ መጠማዘዝ ያዘ። ግራ ቀኙ እንሰትና ባሕር ዛፍ ነው፤ አየሩ ጆሮ ይቆነጥጣል። ማኑሄ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ሞተሯን ጋደም ሊያደርጋት ቢል እምቢ አለች። ሁለተኛው ላይም እምቢ አለች። ሦስተኛው ላይ ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ሲታገል ሞተሯ መሐል መንገድ ወጣች፤ ከላይ የሚወርድ አይሱዙ ጡሩምባውን እያንባረቀ ክንዳቸውን ታክኮ አለፈ። ማኑሄ ዳር ይዞ ቆመ።

«ከኋላ ሆነሽ ምን እየሠራሽ ነው?»

«እየደገፍኩህ ነዋ።»

«ማን ደግፊኝ አለሽ?»

«ወደ ገደሉ ስትጋደም ዝም ብዬ ልይህ? እኔ አባቴ ቤት አህያ ጭኜ ነው ያደግኩት። ጭነት ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ሰው በግራ በኩል ይጎትታል። ይሄን የማያውቅ ገበያ አይደርስም።»

«ሞተር እኮ አህያ አይደለም።»

«እኔ ስለ ሞተሩ አልተናገርኩም።»

ማኑሄ በረጅሙ ተነፈሰ። «ፀሐይ፣ ሞተር ካልተጋደመ አይታጠፍም። ወደ ተጋደምኩበት አብረሽኝ ተጋደሚ።»

«ብንወድቅስ?»

«አብረን ነዋ የምንወድቀው።»

ይሄን ትንሽ አሰበችበት። «በል እሺ» አለች።

የሚቀጥለው ኩርባ ላይ ሁለቱም አብረው ጋደም አሉ። ሞተሯ እንደ ውሃ ፈሰሰች። ከዚያ ደግሞ በግራ፣ ከዚያ በቀኝ። ከኋላው ፀሐይወርቅ ድምፅ ስታሰማ ሰማ፤ ፈርታ መስሎት ነበር፣ ለካ እየሳቀች ነው። ማኑሄ ስንት እሑድ ሲያወራለት የኖረው መንገድ ይሄ ነው፤ ሲያወራው ግን ይሄን ያህል እንደሚያምር አላወቀም ነበር።

«ይሄ ነው የቢፍቱ ኩርባ?» አለች።

«አይደለም።»

«ይሄስ?»

«ገና ነው።»

ቀጥሎ ባለው ኩርባ ላይ በጎኑ ቢጫ ነገር ብልጭ አለበት። ፀሐይወርቅ ሹራቡን ከፌስታሉ አውጥታ በአንድ እጇ ዘርግታዋለች፤ ልጅቷ ከሩቅ እንድታየው። ማኑሄ ያዘጋጀው የትምህርት ቤቱ ነገር ጠፋበት። ሞተሯን አቆመና ሄልሜቱን አወለቀ።

«ፀሐይ።»

«አቤት።»

«ቢፍቱ የለችም።»

«የት ሄደች?»

«አልሄደችም። ድሮም አልነበረችም። እኔም እዚህ መጥቼ አላውቅም።»

ፀሐይወርቅ ከሞተሩ ወረደች። «እሑድ እሑድ የት ነበርክ?» ድምጿ ቀጥኗል። «ሴት ናት?»

«ሃምዛ ነው።»

«ሃምዛ?»

«ጎማ ላይ ተቀምጬ።»

መንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ሹራቡን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ማኑሄ ሞተሯን ይዞ ቆመ። አንድ ሰውዬ እንጨት የጫነ አህያውን እየነዳ አለፈ፤ ሁለቱንም ሰላም አላቸው፤ የመለሰለት ግን ማኑሄ ብቻ ነው።

«ጥርሷስ?» አለች በመጨረሻ። «የፊት ጥርሷ በቀለ ብለህ ነግረኸኝ አልነበር? ደስ ብሎኝ አልቅሻለሁ እኮ።»

«የበቀለው የሃምዛ ልጅ ጥርስ ነው።»

«ሹራቦቹስ?»

«የለበሰቻቸው እሷው ናት። ገላኔ ትባላለች።»

«ይሆኗታል?»

«እጅጌው ይረዝማታል። አጥፋ ነው የምትለብሰው።»

ፀሐይወርቅ ቢጫውን ሹራብ ዘርግታ እጅጌውን በስንዝር ለካችው። የምር የተቆጣችው አሁን ነው። «ልጅቷ ይሄን ሁሉ ጊዜ እጅጌዋን እያጠፈች፣ አንተ ጎማህ ላይ ተቀምጠህ ታያለህ? አሳጥሪው ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«ያኔ ግድግዳውን ስታዪ» አለ ማኑሄ፣ «ሌላ የምሰጥሽ ነገር አልነበረኝም።»

ሹራቡን ቀስ ብላ አጣጥፋ ፌስታሉ ውስጥ መለሰች፤ ሄልሜቷን አጠለቀች፤ መጥታ ከኋላው ተቀመጠች። ሳትይዘው ትንሽ ቆየች። ከዚያ ወገቡን አቀፈችው።

«ሐይቁስ አለ» አለች፣ «ወይስ እሱንም የሠራኸው አንተ ነህ?»

«እሱን ሌሎች ሰዎችም አይተውታል።»

በእርግጥም አለ። የተራራው ጫፍ ላይ ወጥተው ቁልቁል ሲያዩት ሐይቁ ከተራሮቹ ጉያ ውስጥ ተኝቷል። «አሳንሰህ ነው የነገርከኝ» አለች ፀሐይወርቅ።

ከላይ ካለች ምግብ ቤት ገብተው ጥብስ በሉ። ፀሐይወርቅ አጥንት ያለበትን እየመረጠች ወደ እሱ በኩል ስትገፋ ማኑሄ አየ፤ ቅጣቱን ተቀብሎ ጋጠው። በልተው ሲጨርሱ ጎረምሳ አስተናጋጅ ቢሉን ይዞ መጣ።

«ሰውዬውን ታውቀዋለህ አይደል?» አለችው ፀሐይወርቅ፣ ኮስተር ብላ። «በየእሑዱ የሚመጣው ሞተረኛ ነው።»

ማኑሄ መሬት ብትውጠው ወደደ። አስተናጋጁ ማኑሄን አየ። ቢሉን አየ። ጉርሻ የሚገኝበትን መንገድ ጠንቅቆ የሚያውቅ ልጅ ነበር።

«ጋሼን? እንዴት አላውቃቸውም። ሁልጊዜ እዚያ ጥግ ነው የሚቀመጡት።»

«አነዳዱስ እንዴት ነው?»

«ንስር ናቸው፣ እትዬ።»

ፀሐይወርቅ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ማኑሄ ሒሳቡን ከፈለ፤ የብሩን መልስም ለልጁ ተወለት።