ለሃሊሞ፣ ቢዮ አዋሌ፣ አሥራ አምስት ብር

ሰርካዲስ ያቺን መስመር ለምን እውነቱን አድርጋ ጻፈቻት? ለዚህ መልስ ያገኘ እስካሁን የለም። ውሸት አታውቅም እንዳይባል፣ ልጇ ዘገዬ ለብሔራዊ ውትድርና ሲፈለግ "አሰላ አጎቱ ዘንድ ሄዷል" ብላ ለቀበሌውም ለመሥሪያ ቤቱም ዐይኗን በጨው አጥባ ተናግራለች። ልጁ ግን ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቢዮ አዋሌ፣ ሃሊሞ በምትባል ነጋዴ ጓዳ ውስጥ ተደብቆ ነበር።

በ1981 ዓ.ም. ሰርካዲስ ለምትሠራበት ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ሦስት ኮምፒዩተሮች መጡ። ከአዲስ አበባ የተላከው አሠልጣኝ "እጃችሁን የምታፍታቱት በራሳችሁ ጓዳ ነው" ብሎ እያንዳንዱ ሠራተኛ ደመወዙንና የወር ወጪውን እንዲመዘግብ አዘዘ። ሰርካዲስ የቀበሌ ኪራዩን፣ ጤፉን፣ ወተቱን፣ ቅቤውን፣ ላምባውን አስገባች። ማሽኑ ከታች የአሥራ አምስት ብር ልዩነት አሳየ፤ ለልጇ ቀለብ በየወሩ የምትልከው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ ስትሠራ አምስት ሳንቲም ጎድሎባት ቤቷ ገብታ አታውቅም። "ልዩ ልዩ ወጪ" የሚለውንም የሰነፍ ሒሳብ ሠራተኛ መደበቂያ ነው እያለች ትንቀው ነበር። ጣቷ ቀደማት፤ ሃሊሞ፣ ቢዮ አዋሌ፣ 15። ልዩነቱ ዜሮ ሆነ። ደስ አላት። ልምምድ ነው፣ ከማሽኑ አይወጣም ብላ ነበር።

አሠልጣኙ ግን ሲጨርሱ የሁሉንም መዝገብ ወደ አንድ ዲስኬት ገልብጦ፣ ዳርና ዳሩ በተበሳሳ ረጅም ወረቀት ላይ አተመው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ በውይይት ክበብ ላይ፣ ሳንቲም ሳይዛነፍ የገጠመው የእሷ ብቻ ነው ብሎ አስጨበጨበላት። ሰብሳቢው ጓድ ተሰማም ለአርአያነት ጮክ ብሎ አነበበው።

"ሰርኬ፣" አለ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሸረፈዲን፣ "ቢዮ አዋሌ ባል ደብቀሽ በአሥራ አምስት ብር ትቀልቢዋለሽ? አቦ፣ ወላሂ ርካሽ ነው፤ እኔንም ውሰጂኝ።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሷም አብራ ሳቀች። ተሰማ አልሳቀም።

"ሃሊሞ ማን ናት፣ ጓድ ሰርካዲስ?"

"ወተት የምታመጣልኝ ናት።"

ጣቱን ወረቀቱ ላይ ወደ ላይ ሳበ። "የወተት ስድስት ብር እዚህ አለ።"

"የቅቤ ማለቴ ነው።"

"ቅቤም አለ። ምንም አልረሳሽም እኮ።" ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። "አሰላ ያለው ልጅሽስ ደህና ነው?"

"ደህና ነው" አለች።

ተሰማ ለአንዱ ሰው በጆሮው የሆነ ነገር ነግሮ ላከውና ውይይቱን እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አስረዘመው። በሩ ላይ ጠባቂ ስለቆመ ማንም አልወጣም።

ማታ መኪና አጥታ፣ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ በጭነት መኪና ቢዮ አዋሌ ደረሰች። ሃሊሞ ከደጃፏ አላሳለፈቻትም።

"ማታ መጥተው ወሰዱት" አለች። "እናቱ ናት በእጇ ጽፋ የሰጠችን አሉ።"

"ዘገዬ ሰማ?"

"ፊት ለፊቱ ነው ያነበቡት።"

በማግስቱ ሥራ ገባች፤ ብትቀር ደመወዟ ይቆረጣል። ባልደረቦቿ ቀና ብለው አላዩዋትም። ለምሳ ቤቷ ሄዳ ሳትበላ ሲሚንቶው ወለል ላይ ጋደም አለች። ከተማው ሁሉ ሙቀቱን ሸሽቶ በሩን በሚዘጋበት፣ ረቡዕ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳት።