ሳሎኔን የያዘው የቆላ ቅጠል

ልጄ ዓረብ አገር ሰባት ዓመት ሠርታ ስትመለስ ከአዲስ አበባ አንድ ተክል በባልዲ ይዛ መጣች። በሰው ቤት የሰው ተክል ስትወለውል ኖራ፣ አንድ እንኳ የራሷ እንዲሆን ብላ ነው የገዛችው። ስሙን ነግራኝ ነበር፤ አፌ አልያዘውም። ቅጠሉ ሰፌድ ያህላል፣ ዳርና ዳሩ የተሰነጣጠቀ ነው። መጀመሪያ ሳየው ተምች የበላው መስሎኝ እየገለበጥኩ ትል ፈለግሁ። ሳቀችብኝ። "አባዬ፣ አፈጣጠሩ ነው!"

ደሴ ሥራ አግኝታ ስትሄድ የተከራየችው ክፍል መስኮት ስለሌለው ለእኔ ተወችው። "ውሃ አያብዙበት፤ እንዳይሞትብኝ አደራ" አለችኝ። አደራ ካለች አለቀ። ጎረቤታችን ግን በሩ ላይ ቆማ አየችውና "ወላሂ ይሄ የቆላ ነው፣ የመካነ ሰላምን ብርድ አይችልም፤ ጥቅምትን አያልፍም" አለች። እልህ ያዘኝ። ስንዴና ባቄላ ሳበቅል ያረጀሁ ሰው በአንድ ባልዲ ቅጠል ልሸነፍ?

ጥፋቱም የመጣው ከእልሁ ነው። እኛ የከሳ መሬት ስናይ የምናውቀው ፍግ ነው። ከላሟ ሥር ትኩሱን እበት አምጥቼ ባልዲውን ሞላሁት። ማለዳ ማለዳም አጠጣሁት። ብዙም ሳይቆይ ቅጠሉ እንደ ደረሰ ገብስ ቢጫ ሆነ፣ ቤቱም ገማ። ባለቤቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ "አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ሳሎን ነው ወይስ በረት?" አለችኝ። ልጄ በስልክ "እስቲ ያሳዩኝ" ስትል ደህናውን ጎን አዞርኩላት። ልጄን ዋሸሁ ማለት ነው። 

በማግሥቱ ከባልዲው አወጣሁት። ግማሹ ሥር እንደ በሰበሰ ድንች ይልመጠመጣል። የተበላሸውን በቢላዋ ቆርጬ ጣልኩ፤ የባልዲውን ቂጥ በጋለ ብረት በሳሁ፤ አፈሩን ከወንዝ አሸዋና ከከረመ ደረቅ ፍግ ጋር ቀላቀልኩ። ከዚያ ወዲያ ሥራው እጅን ሰብስቦ መቀመጥ ነው። ለእኔ ከእርሻም የከበደኝ እሱ ነው። ማጠጫውን ላነሳ ስል ባለቤቴ "ተቀመጥ!" ትለኛለች። ውርጩ ሲጀምር ጋቢዬን አለበስኩት።

"እኔን እንኳ አልብሰህ አታውቅም" አለች።

"አንቺ ቅጠል አታረግፊም" አልኳት።

አራት ቅጠል ረግፎ ሁለት ቀረ። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳርም አለፈ። ታኅሣሥ ላይ ከግንዱ እንደ ተጠቀለለ ወረቀት ያለ ነገር ብቅ አለ። ወንበሬን አስጠግቼ ስጠብቀው ሰነበትኩ። ሲዘረጋ ከዱሮዎቹ ይበልጥ ሰፊ ነው። ጎረቤታችንን ጠርቼ አስገባኋትና አዲሱን ቅጠል አሳየኋት። ዳበሰችው። "አንቱ ሰው፣ እልህዎ ድንጋይ ያበቅላል!" ብላ ወጣች።

ዘንድሮ ጫፉ ኮርኒሱን ነክቷል። ልጄ መስኮት ያለው ቤት ተከራይታ ለበዓል ስትመጣ ተክሏን ልትወስድ ነበር። ገና ከበር ስታየው ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆማ ቀረች።

"አባዬ፣ ይሄ የእኔው ነው?"

የእበቱን ነገር ያኔ ነገርኳት፤ ስልኩ ላይ ያደረግሁትንም አልደበቅሁም። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ዙሪያውን አየችውና "ይሄንን የማነቅልበት አንጀት የለኝም፤ ያሳደጉት እርስዎ ነዎት" አለች።

አልሄደም። ሳሎኑን እኩሌታ ይዞታል። እንግዳ ሲመጣ መቀመጫ ጠፍቶ በረንዳ ላይ ነው የምናስተናግደው፤ ብርዱን የፈራ ጋቢውን ይዞ ይምጣ።