ሥጋ የሌለው ጉልበት

«አንቺ ሥጋ ነው እንጂ ያለሽ፣ ጉልበትስ የለሽም» አሉኝ፣ ፊት ለፊት።

ያሉኝ ኮሶዬ የምትኖረው የአክስቴ ጎረቤት ናቸው፤ ጉንጫቸው የገባ ቀጭን ሴትዮ። እኔ ደግሞ ጎንደር ከተማ ጂም የምሠራ፣ በክንዴ የምኮራ ነኝ። ጂማችን ግድግዳ ላይ «ብሮን» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል በትልቁ ተጽፏል። የጡንቻ ጉልበት ማለት ነው። አንድ ቀን በስልኬ ምንጩን ስፈልግ ከፈረንሳይኛ የመጣ፣ ድሮ ለጥብስ የሚሆን የሥጋ ቁራጭ ማለት የነበረ ቃል ሆኖ አገኘሁት። ስቄ ተውኩት።

ኮሶዬ በሄድኩበት ሰሞን የሴትዮዋ ልጅ ምጥ ያዛት። ሌሊቱን ሙሉ አልወለደችም። አምቡላንስ ተጠርቶ ከላይ አስፋልቱ ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲህ መኪና አይገባም። ሾፌሩ ሌላ ወላድ ስላለችበት ብዙ እንደማይጠብቅ በስልክ ነግሮናል። ወንዶቹ ደግሞ ቀብር ሄደዋል። ስለዚህ ልጅቷን የመንደሩ ቃሬዛ ላይ አስተኝተን አራት ሴቶች አነሳነው፤ እናትየው፣ አክስቴ፣ አንዲት ጎረቤትና እኔ።

እኔ ብረት እንደማነሳው በእጄ ጨምድጄ ያዝኩት። ዳገቱን ሳናጋምስ ጣቶቼ ከዱኝ። ቃሬዛው በእኔ በኩል ዘመመ፤ ልጅቷ ጮኸች። ከፊቴ የነበሩት እናትየው «ጉልበትስ የለሽም» ያሉኝ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ሸክሙን ከትከሻቸው ሳያወርዱ፣ ነጠላቸውን በአንድ እጃቸው ከአንገታቸው ስበው ወደ ኋላ ወረወሩልኝ።

«ምነው በእጅሽ ትታገይዋለሽ? ይህን አጥፈሽ ትከሻሽ ላይ አድርጊና ከሥሩ ግቢ። እግርሽን ከእኔ እግር ጋር አንሺ።»

ገባሁ። እግሬን ከእግራቸው ጋር ሳስተካክል ቃሬዛው መወዛወዙን ተወ። ከኋላቸው ሆኜ ባታቸውን አየሁት፤ አጥንት ላይ የተጣበቀ ጅማት ብቻ ነው፣ ለጥብስ የሚሆን ነገር የለውም። አንዴም አልቆሙም። ጭራሽ እያለከለኩ ልጃቸውን ያጫውቷታል፤ አንቺም ስትወለጂ እንዲሁ ተጎትተሽ ነው የመጣሽው፣ ዘራችን መቸኮል አያውቅም እያሉ። በምጥ መሀል ሳቀች። ጂም ውስጥ ከእኔ እጥፍ የሚያነሱ ወንዶች አውቃለሁ፤ አንስተው ይጥሉታል። እሳቸው የያዙት የሚጣል አልነበረም። እንዲህ ያለ ጉልበተኛ በዕድሜዬ አላየሁም።

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። ሲያየን ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ። ልጅቷን አስገባናት፤ እናቷም ተከትለው ገቡ። ነጠላውን ላቀብላቸው እጄን ዘረጋሁ።

«ያዥው» አሉኝ። «ቃሬዛው ባዶውንም ይከብዳል። ነገ ሌላ ሰው ይፈልገዋልና ቦታው መልሺው።»

በሩ ተዘጋ። ነጠላውን አጥፌ ትከሻዬ ላይ አደረግሁ፤ አክስቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ቃሬዛውን ተሸክመን ቁልቁል ወረድን።