ከኅዳር ጽዮን እስከ ጳጉሜ

መጀመሪያ ያስታወቀኝ የቆጮ ሽታ ነው። ወደ ሆሳዕና ከመጣሁ ሁለት ዓመት አልፎኝ ቆጮ ለምጄ ነበር፤ እወደውም ነበር። በዚያ ጥር መጨረሻ ግን ጎረቤታችን ሃዲያዋ ሴት ትኩሱን በኮባ ጠቅልለው ሲያመጡልኝ አፌን ይዤ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ስመለስ ቆመው ያዩኛል።

«ስንት ሆነው?» አሉኝ።

«ምኑ?»

ሳቁ። እኔም ያን ጊዜ ገባኝ። የወር አበባዬ ሁለቴ ቀርቶ ነበር፤ ብርድ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እናቴ ሸዋ ናት፤ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

እኒህ ሴት የአካባቢው አዋላጅ ናቸው። የእኛ ሰፈር ሰዎች፣ ከሰሜን የመጣነው፣ የአገሩን ሴቶች በዕድሜ እናታችን የሚሆኑትን ሳይቀር «አንቺ» እያልን እንጠራቸው ነበር። እኔ ግን አፌ እንቢ ስላለኝ «እማማ» እላቸዋለሁ። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ የሚበቃ ግን።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳቸው። ባለቤቴ በገዢው ግቢ ጸሐፊ ነበሩ፤ ባሕረ ሐሳብ የተማሩ፣ ጾሙ መቼ እንደሚገባ ቄሶቹ ሳይናገሩ የሚያውቁ ሰው። ደስታቸውን የገለጹት ወረቀት በማውጣት ነው።

«ከሾኔ የተመለስኩት ታኅሣሥ ሦስት፣ የበዓታ ዕለት ነው። ከዚያ በፊት አንድ ወር ሙሉ እዚህ አልነበርኩም። ስለዚህ ከዚያ እንጀምራለን» አሉ። «ጌታችን መጋቢት ሃያ ዘጠኝ ተፀንሶ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ተወለደ። ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን። ያንቺ መስከረም ሦስት ይሆናል።»

«አምስቷ ቀን ከየት መጣች?»

«በመካከል ጳጉሜ አለቻ!»

«በመስከረም የፀነሰች ሴት በሰኔ ብትወልድ ጳጉሜን አታገኛትም። ለእሷም አምስት ቀን ይጨመርላታል?»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ቁጥሩ የጌታችን ነው፤ ይጨመራል» አሉኝ። እንዳልተዋጠላቸው ግን ከፊታቸው አየሁ።

በማግስቱ እማማ ዘንድ ሄድኩ። እንሰት ሲፍቁ አገኘኋቸው። የባለቤቴን ስሌት ስነግራቸው ሳያቋርጡ ሰሙና፣ «ደም ያየሽው መጨረሻ መቼ ነው?» አሉ።

ማን ቀን ይጽፋል? ግን አስቤ አስቤ አገኘሁት። የኅዳር ጽዮን ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሳልገባ ከቅጥሩ ውጪ ቆሜ ነበር ያስቀደስኩት፤ በዚያው ጠዋት ነበር የጀመረኝ። እንደዚያ ጊዜ የሚገቡትን ሴቶች እያየሁ ያፈርኩበት ቀን አልነበረም፤ ለዚህ ያገለግለኛል ብዬ አላሰብኩም።

«ያን ዕለት ጨረቃዋ ምን ትመስል ነበር?»

ይኼም ትዝ አለኝ። ፀሐይ እንደገባች በምዕራብ በኩል እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀጠነች ጨረቃ አይቻለሁ።

«እሷን አንድ በይ። አሥረኛዋ ሞልታ መጉደል ስትጀምር ትወልጃለሽ።»

ገረመኝ። «እማማ፣ ያን ዕለት እኮ ልጁ የለም! ባለቤቴም አልነበሩም። ለምን ከዚያ ይቆጠራል?»

መፋቂያውን አስቀመጡ። «ልጁ የገባበትን ቀን እግዜር ያውቃል። ደም ያየሽበትን አንቺ ታውቂያለሽ። ከምታውቂው ቁጠሪ።»

ከዚያ ወዲህ በሁለት ቆጠራ ኖርኩ። ባለቤቴ ወረቀታቸው ላይ ወር በወር ይሰርዛሉ፤ እኔ ጨረቃ በተወለደች ቁጥር በምሰሶው ላይ በከሰል አንድ መስመር አሰምራለሁ። ባለቤቴ መስመሮቹን አይተው ምን እንደሆኑ አልጠየቁም። እማማ አልፎ አልፎ ሆዴን በጣታቸው ከእምብርቴ ይለኩና «ደህና ነው» ይላሉ እንጂ ቁጥራቸውን አልለወጡም።

ነሐሴ ገባ። አሥረኛዋን ጨረቃ ደመና ዋጣት፤ ለብዙ ቀን አላየናትም። ባለቤቴ ለሥራ አንጋጫ ታዘዙ። «መስከረም ሦስት ገና ነው፤ በጳጉሜ አራት እመለሳለሁ» ብለው ነሐሴ ሃያ ስድስት በበቅሎ ወጡ። አትሂዱ ልላቸው ፈለግኩ፤ በከሰል መስመር ላስቀራቸው ግን አፈርኩ።

ነሐሴ ሃያ ዘጠኝ አመሻሹ ላይ ዝናቡ አባርቶ ደመናው ተከፈለ። ጨረቃዋ ክብ ሆና ብቅ አለች። እማማ ከደጃቸው ሆነው እጃቸውን ወደሷ ዘረጉና አዩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤቴ አልራቁም።

ጳጉሜ አንድ ጠዋት ምጥ ያዘኝ። እማማ ወገቤን እየደገፉ በራሳቸው ቋንቋ ይናገሩኝ ነበር፤ አንዱንም ቃል አላወቅኩም፣ ሁሉም ግን ገብቶኛል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ልጄ ተወለደች።

ባለቤቴ እንዳሉት ጳጉሜ አራት መጡ። ልጅ ያቀፈች ሚስታቸውን ሲያዩ በሩ ላይ ቆሙ። መጀመሪያ ልጃቸውን አቅፈው አለቀሱ። ቀጥለው ወረቀታቸውን አወጡና፣ ካሰቡት ቀን ስንት እንደቀደመች ቆጠሩ። ከዚያ እማማን አስጠሩ።

«እስቲ እንዴት እንደሚቆጥሩ ይንገሩኝ» አሉና ብዕር ያዙ። ሲነግሯቸው ጻፉ፤ ግራ ሲገባቸው መልሰው ጠየቁ። ጨረቃን በባሕረ ሐሳብ የሚቆጥሩት ሰው፣ ለማኅፀንም እንደምትቆጠር ያን ቀን ሰሙ።

ሁለተኛውን ልጄን ስፀንስ ሦስታችን ተቀምጠን፣ ተከራክረን፣ አንድ ቀን ቆረጥን። እሱ አሥራ አንድ ቀን አሳልፎ መጣ። ባለቤቴ በጣም ተበሳጩ፤ የት ጋ እንደተሳሳትን ሳምንት ሙሉ ፈለጉ። እማማ ግን ሕፃኑን እያጠቡ፣ «ይኼኛው ደግሞ ተኝቶ ነበር» አሉ።