አልጠነክር ያለው ፍሬን

ይህ የደረሰብኝ ካቻምና ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ የመንገዱ ጭቃ ገና ሳይደርቅ። በዕድሜዬ ምክንያት ብዙ ነገር እየረሳሁ ነው። ይህችን ግን መኪና ውስጥ በገባሁ ቁጥር እግሬ ያስታውሰኛል።

የምኖረው ተፍኪ ነው። ድሮ እህል ስነግድ የገዛኋት አንዲት አሮጌ የቤት መኪና አለችኝ። አሁን ሥራዋ አንድ ብቻ ነው፤ ባለቤቴን የሺን ሐሙስ ሐሙስ ሰበታ ሐኪም ዘንድ ማመላለስ። የሺ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ሚኒባስ ላይ መውጣት አትችልም። ባጃጁም ያንገጫግጫታል። ያቺ መኪና ካልሄደች እሷም ሕክምናዋ ይቀራል፤ ሌላ መላ የለንም።

የዚያን ቀን ጠዋት ሰበታ ልንደርስ ስንል ጭነት የተሸከመች አህያ መንገድ ገባች። ፍሬኑን ረገጥኩ። ፔዳሉ ሰመጠ፤ ጭቃ የረገጥኩ ነው የመሰለኝ። ደገምኩ። በሦስተኛው ያዘ። አህያዋ ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም። የሺ ፊት ለፊቷ ያለውን ዳሽቦርድ በሁለት እጇ ጨበጠች። እውነቱን ለመናገር ፍሬኑ ከለሰለሰ ሰንብቷል። ሁለቴ እየመታሁ ነበር የምነዳው። እግሬ ስለለመደው እንግዳ ነገር አልመሰለኝም።

ሐኪሙ ዘንድ እንደጨረስን እየተንፏቀቅን የገበያው መንገድ ዳር ካለ ጋራዥ ገባን። መካኒኩ ገመቹ ይባላል፤ ጎልማሳ ነው። ፔዳሉን አንዴ ረግጦ ቀና ብሎ አየኝ።

«አባባ፣ ይሄን ይዘው ነው ከተፍኪ የመጡት?»

«አዎ ልጄ።»

«እንግዲያው እግዜር ነው የነዳው፤ አንቱስ ተሳፋሪ ነበሩ።»

ጎማዎቹን በየተራ ከውስጥ በኩል ዳሰሰ። የግራው የኋላ ጎማ ረጥቧል። ፈታው። ጎሚኒ የሚሏት ትንሽ ላስቲክ አልቃ የፍሬኑን ዘይት ታፈስ ነበር። በአዲስ ለወጣት። «አሁን ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት ነው የቀረን፤ ለሱ ሁለት ሰው ያስፈልጋል» አለ። አብሮት የሚሠራው ሰው ዓለም ገና ከተማ ለቅሶ ሄዷል። እኔ አለሁ አልኩት።

«ቀላል ነው አባባ። ይርገጡ ስል ደጋግመው ይረግጣሉ። ይያዙ ስል ረግጠው ይቆያሉ። እኔ ከታች ብሎኗን ከፍቼ አየሩን አወጣለሁ። ዘግቼ ይልቀቁ እስክል ድረስ እግርዎ እንዳይነሳ።»

በሩን ከፍቼ መሪው ላይ ተቀመጥኩ። የሺ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ወንበር ተሰጣት። ቀኑ ገበያ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እህል የነገድኩበት አገር ስለሆነ የማያውቀኝ የለም።

«ኦቦ ደምሴ! አካም ጅርቱ?» ይለኛል አላፊው በኦሮምኛ፤ አቶ ደምሴ፣ እንዴት ነዎት ማለቱ ነው።

«ነጋ፣ ገለታ ዋቃ!» እላለሁ፤ ደህና፣ እግዜር ይመስገን።

ቄሱ አለፉ። የድሮ ደንበኛዬ የአያንቱ እናት አለፉ። እኔም እንደ ደንቡ ሰላምታ እመልሳለሁ። ከታች ገመቹ «ይያዙ!» ይላል፤ እይዛለሁ። ጥቂት ቆይቶ «ኧረ ይሄ አየር አያልቅም እንዴ! ገና አረፋ ነው» ይላል። አራቱንም ጎማ ዞረን ጨረስን። ፔዳሉ ያው ነው። እንደገና ከኋላው ጀመርን። አሁንም ያው። ወገቤ ተያዘ።

ገመቹ ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «አባባ፣ የተበላሸው ማስተሩ፣ ዘይቱን የሚገፋው ዋናው ዕቃ ሳይሆን አይቀርም። መርካቶ ተሂዶ ነው የሚፈለገው።»

«ይገኛል?»

«የዚህችማ ዘመኗ አልፏል፤ እንጃ።»

የሺን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ሰማች፤ ምርኩዟን ጉልበቷ ላይ አጋደመች። ከዚያ ገመቹን ጠራችው።

«ልጄ፣ እግሩ መነሳት የለበትም ነው ያልከው?»

«አዎ እማማ።»

«ይሄ ሰውዬ እኮ ላለፈ ሁሉ ብድግ ሲል ነው የዋለው!»

«ብድግ?»

«ቄሱ ሲያልፉ ብድግ። የአያንቱ እናት ሲያልፉ ብድግ። አንዱ እንዲያውም ወይፈኑን ነበር የሚጣራው፤ ለሱም ብድግ!»

«ኧረ ከወገቤ ነው እንጂ ሙሉ አልተነሳሁም» አልኩ።

ገመቹ ጎማው ላይ ቁጭ አለ። «እኔ ከታች አየር አወጣለሁ፣ አንቱ ከላይ ያስገባሉ! ብሎኗ ክፍት ሆና እግርዎ ሲነሳ ያወጣነውን መልሳ ትስበዋለች እኮ።»

አፈርኩ። ግን ሰው ቆሞ ሰላም ሲለኝ ተቀምጬ መቀበል አላውቅበትም፤ ያደግኩበት ነው። «ታዲያ ምን ላድርግ?» አልኩ።

የሺ ምርኩዟን ይዛ መጣችና በሩ አጠገብ ቆመች። የሚያልፈውን ሁሉ እሷ ተቀበለችልኝ። «እግሩን አሞት ነው፤ እንዳትቀየሙት» ትላለች። ሰዉም «እግዜር ይማርዎት» እያለኝ ያልፋል። እኔ ደህና እግሬን ፔዳሉ ላይ ተክዬ ተቀምጫለሁ፤ እሷ በተሰበረው ዳሌዋ ቆማለች። ተቀመጪ ብላት «አንተ እግርህን ጠብቅ» አለችኝ።

አራቱንም እንደገና ዞረን በመጨረሻው ጎማ ላይ ፔዳሉ ጠንክሮ እግሬን መልሶ ገፋው። ገመቹ ራሱ ረግጦ አረጋገጠና መኪናዋን መንገድ ላይ ሞከራት። «አሁን ሰው ይዘው መሄድ ይችላሉ» አለኝ። ቤት ስንደርስ ሁለታችንም ራት ሳንበላ ነው የተኛነው።

አሁን መኪና ውስጥ ሳለሁ ሰላም ለሚለኝ አንገቴን ብቻ ዝቅ አደርጋለሁ። ኮርቷል የሚሉኝ ይኖራሉ፤ እንግዲህ ምን አደርጋለሁ፣ ለሁሉም ማስረዳት ይደክማል። የሺ ሐኪሟን አልተወችም። ሰበታ ስንደርስ ዛሬም «እግርዎ ተሻለዎት?» የሚለኝ አላጣም። ተሽሎኛል እላለሁ። እሷ ከጎኔ ተቀምጣ ምርኩዟን ይዛ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች።